የሻይ ቁርሱ ሻዩን ሲበልጠው

ቡና ሲፈላ ቆሎ፣ ፈንዲሻ ወይም ዳቦ ይቀርባል። ሆኖም «ፈንዲሻ እንብላ» ብሎ ጎረቤቱን የሚጠራ የለም፤ ጥሪው «ቡና ጠጡ» ነው። በደቡብ ቻይና የጓንግዶንግ ሰዎችና የሆንግ ኮንግ ዘመዶቻቸውም እንዲሁ ናቸው። እሑድ ረፋዱ ላይ ቤተሰብ ሊሰበሰብ ሲል «ያም ቻ» ይባባላሉ፤ «ሻይ እንጠጣ» ማለት ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን በእንፋሎት የበሰለው፣ የተጠበሰውና የተጋገረው በትንንሽ ሳህን ይደረደራል። ከሻዩ ጋር የሚቀመሰው ይህ ሁሉ ዲም ሰም ይባላል። ቃሉ ቀጥታ ሲፈታ «ልብን መንካት» ነው፤ ሆድን ስለመሙላት ምንም አይልም።

ዛሬ በለንደን ወይም በኒውዮርክ ዘመናዊ ዲም ሰም ቤት የሚሄድ ሰው ግን የሚሄደው ለምግቡ ነው። ቁርሱ ባለቤት፣ ሻዩ አጃቢ ሆኗል።

ድሮ በጓንግዶንግ ከተማ በጓንዡ ሻይ ቤቶች የደንበኛው ልክ «አንድ ሲኒ፣ ሁለት ቁራጭ» ነበር። ሽማግሌዎች በማለዳ ጋዜጣቸውን፣ አንዳንዶቹም የሚያሳድጓትን ወፍ ከነቤቷ ይዘው ይመጣሉ፤ ሻዩ እየተደገመ ረፋዱ ያልፋል። በሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ1933 የተከፈተው ሉክ ዩ ሻይ ቤት ስሙን የወሰደው በስምንተኛው መቶ ዘመን ስለ ሻይ መጽሐፍ ከጻፈው ሊቅ ነው። በኋላ ሰፋፊ አዳራሾች ሲመጡ ጋሪ ገፊ ሴቶች መጡ። የያዙትን እየጠሩ በጠረጴዛዎቹ መካከል ያልፋሉ፤ ደንበኛው ክዳን አስከፍቶ፣ አይቶ ይመርጣል፤ በካርዱ ላይ ማኅተም ይመታበታል፤ ሂሳቡም ሲወጣ በማኅተሞቹ ይቆጠራል።

የጋሪው ውበት ብዙ ነው፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ሀር ጋው የተባለችው የሽሪምፕ ጥቅል ስትቀመስ ነው። የዲም ሰም ሠራተኛ ሙያ የሚለካው በእሷ ነው። ልባሷ ከተራ የስንዴ ዱቄት አይሠራም፤ ሊጥን የሚያለጥጠው ክፍል ታጥቦ ከወጣለት የስንዴ ስታርች ነው። ስታርቹ በፈላ ውሃ ይታሻል፤ ከዚያ በመዳመጫ ፋንታ ዘይት በተቀባ ሰፊ ቢላ ጎን ተጭኖ እንደ ወረቀት ይሳሳል። ጥቅሏ እንደ ሐበሻ ቀሚስ ሽንሽን አላት፤ ቢያንስ ሰባት፣ በሠለጠነ እጅ ደግሞ ከአሥር በላይ። ስትበስል ልባሷ ብርሃን ያሳልፋል፤ የሽሪምፑ ሮዝ ቀለም ከውስጥ ይታያል። በቾፕስቲክ ስትነሳ ከተቀደደች ወይም ከታች ከተጣበቀች ሠሪው ተፈተነና ወደቀ። በጋሪ ላይ ሩብ ሰዓት የዞረች ጥቅል ይህን ፈተና ማለፍ ይቸግራታል፤ ልባሷ ይደርቃል ወይም ይላቁጣል።

ማብሰያዋ ክዳን ያላት የቀርከሃ ሙዳይ ናት። በብረት ክዳን ሥር እንፋሎት ወደ ጠብታ ተለውጦ ሊጡን ያረጥበዋል፤ ቀርከሃ ግን እርጥበቱን ይመጥጣል። ሙዳዮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረው በአንድ ድስት ውሃ ይበስላሉ፤ ስለዚህ አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት ብዙ ጠረጴዛ ታስተናግዳለች።

ከሌሎቹ የዲም ሰም ዓይነቶች ውስጥ ሐበሻን የሚያስገርመው የዶሮ እግር ነው። እኛ ዶሮን አሥራ ሁለት ብልት አውጥተን እግሯን ስንጥል፣ እነሱ «የፊኒክስ ጥፍር» ብለው በተረት ወፍ ስም ያከብሩታል። መጀመሪያ በዘይት ይጠበሳል፣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በቅመም ይቀቀላል፣ በመጨረሻም በተብላላ ጥቁር አኩሪ አተር በእንፋሎት ይበስላል። ሥጋ የሌለው ብልት ይህን ያህል የሚደከምለት በአፍ ውስጥ ለሚሰጠው ልስላሴ ነው።

ዘመናዊው ቤት የመጣው ከዚህ ቅርስ ነው። ከምሳሌዎቹ አንዱ በለንደን ሶሆ እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ያዋቻ ነው። መሥራቹ አለን ያው ሆንግ ኮንግ ተወልዶ በልጅነቱ እንግሊዝ የገባ ነጋዴ ሲሆን፣ ቀደም ሲል ዋጋማማንና ሃካሳንን አቋቁሟል። ያዋቻ የቆየውን የሰዓት ልማድ ጣሰ። ዲም ሰም ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ የሚቀመስ ነበርና ማታ መፈለጉ እንግዳ ነገር ነበር፤ እዚያ ግን እስከ ምሽት ከኮክቴል ጋር መቅረብ ጀመረ። ሙሌቱም ተለወጠ፦ የአጋዘን ሥጋ የገባበት ንብርብር ሊጥ የቤቱ መታወቂያ ሆነ። ቤቱ በተከፈተ በዓመቱ ምግብ ቤቶችን ከሚመዝነው የሚሽለን መመሪያ ኮከብ አገኘ።

ሁለተኛው ምሳሌ በተቃራኒው መንገድ የመጣ ነው። ማክ ክዋይ ፑይ ሉንግ ኪንግ ሂን በተባለው የሆንግ ኮንግ የቅንጦት ሆቴል ምግብ ቤት ዲም ሰም ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን በሞንግ ኮክ ሠፈር ቲም ሆ ዋን የተባለች ጠባብ ቤት ከፈተ። ሰው የተሰለፈው አናቷ በስኳር ለተቀባ፣ ጣፋጭ የአሳማ ሥጋ ላለባት የተጋገረች ዳቦ ነው። የሚሽለን የ2010 መመሪያ ኮከብ ሲሰጣት በዋጋዋ ርካሽነት በዓለም ተወራላት፤ ከዚያም በየአገሩ ቅርንጫፍ አወጣች።

በሁለቱም ዓይነት ቤት ጋሪ የለም። ወረቀት ወይም ስክሪን ይሰጣችኋል፤ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ይበስላል። ለምግቡ ይህ ትርፍ ነው፤ ሀር ጋው ትኩስ ትደርሳለች። የተከፈለው ዋጋ ጊዜ ነው። ብዙ ዘመናዊ ቤቶች ለአንድ ጠረጴዛ ከአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከሁለት ሰዓት በላይ አይሰጡም፤ ተረኛው በር ላይ ቆሟል።

ለሄደ ሰው ጥቂት ብልሃት። በአንድ ሙዳይ የሚመጣው ሦስት ወይም አራት ቁራጭ ስለሆነ አራት ሆኖ መሄድ ይበጃል፤ ብቻውን የሄደ ብዙ ዓይነት ሳይቀምስ ይጠግባል። በእንፋሎት ከበሰለው ጀምሮ ወደ ተጠበሰው፣ በእንቁላል ታርት መጨረስ ጥሩ አካሄድ ነው። ሻይ መጀመሪያ ይመረጣል፤ ጠቆር ያለው ፑ ኤር ከቅባት ጋር ስለሚስማማ ይወደዳል። የሚቀዳው ታናሹ ነው፤ ለሽማግሌ ቀድሞ፣ ለራሱ መጨረሻ። የተቀዳለት ሰው ሁለት ጣቱን አጥፎ ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ተራ ሰው መስሎ ሲዞር ለአገልጋዩ ሻይ ቀዳለት፤ አገልጋዩም ምስጢሩ እንዳይወጣ በጣቶቹ እጅ ነሳ።

ለሐበሻ እንግዳ ግን አንድ እንቅፋት አለ። የዲም ሰም ሁለቱ ምሰሶዎች የአሳማ ሥጋና ሽሪምፕ ናቸው። የመጀመሪያውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአብዛኛው ይሸሸዋል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን አይነኩትም። ሁለቱም መደበቅ ያውቃሉ፦ ከነጭ ሥራ ሥር በሚሠራው ጥብስ ውስጥ የደረቀ ሽሪምፕና ቋሊማ ይገባል፤ በአንዳንድ ሊጥም የአሳማ ሞራ ይኖራል። ዘመናዊዎቹ ቤቶች እዚህ ላይ ደግ ናቸው፤ የእንጉዳይና የአትክልት ጥቅሎችን ለይተው በሜኑ ያሳያሉ፤ በጾም ቀንም ጠይቆ የሚበላ አይጠፋም። ለንግድ ጓንዡ የሚመላለሱ ኢትዮጵያውያን የዲም ሰሙ አገር ውስጥ ናቸውና ይህንን መጠየቅ ቢለምዱ ከሆቴል ሩዝ ያመልጣሉ።

አንድ የድሮ ምልክት ግን በዘመናዊውም ቤት ይሠራል። ሻይ ሲያልቅ አስተናጋጅ መጥራት አያስፈልግም፤ የጀበናውን ክዳን ገለጥ አድርጎ መተው ይበቃል፤ ፈላ ውሃ ይጨመርበታል። ሳህኖቹ ተነስተው፣ ሂሳቡ ቀርቦ፣ ተረኛው በር ላይ ዓይኑን ሲያፈጥም ያ ገለጥ ያለ ክዳን «በረካው ገና ነው» ይላል። ያኔ የመጣችሁት ለሻይ ነው።