የጽኑ ሕሙማን ነርስ ዝግጅት ከየት ይጀምራል?

በየጉባኤያችሁ ካሉት የነርስነት ተማሪዎች አንዳንዶቹ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለማገልገል ይመኛሉ። ብዙዎቹ የሚፈሩት መሣሪያውን ነው። እኛ ግን ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ነው እንላለን።

እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፣ መተንፈስ ላቃታቸው ሕሙማን የሕክምና ተማሪዎች ሌት ተቀን እየተፈራረቁ በእጃቸው አየር ይሰጡ ነበር። ብዙ ሰው ዳነ። ለዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል መሠረት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ስለዚህ ተማሪው ገና በተራ ክፍል ሳለ ሦስት ነገር ይልመድ። አንደኛ፣ ትንፋሽን ሰዓት ይዞ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር። ዐዋቂ ሰው ባረፈበት ጊዜ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ብዙ ጊዜ የደም ግፊት ከመውረዱ በፊት አደጋን ያመለክታል። ሁለተኛ፣ የመድኃኒትን መጠን በወረቀት አስልቶ ለሌላ ሰው ማሳየት፤ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ብትስት መጠኑ ዐሥር እጥፍ ይሆናልና። ሦስተኛ፣ ልብ ሲቆም ደረትን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን፤ ይህም እጅ እስኪለምደው ድረስ በመለማመጃው አሻንጉሊት ላይ ይደጋገም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ያዩትን ሳያፍሩ መናገር ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የምትሠሩ ወገኖች ሆይ፣ ተማሪው በከንቱ ቢጠራችሁ እንኳ አትቆጡት። የተቆጣችሁት ተማሪ በሁለተኛው ጊዜ ዝም ይላል፤ የዝምታውን ዋጋ የሚከፍለው ግን ሕመምተኛው ነው።