ኢንተርኑን የት እናቁመው?

ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች ጉዳይ ይነሣል። ወደ ቤት ይሂዱ ወይስ ወደ ዋርድ ይግቡ? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲስፋፋ ሁለቱም መልስ በዓለም ላይ ታየ። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ተማሪዎች ለጊዜው ከታካሚ እንዲርቁ መከረ፤ ጣሊያን ደግሞ ተመራቂዎቿን ከመንግሥት ፈተና ነፃ አድርጋ ወደ ሥራ አስገባች። እኛም አገር በዚያው ሰሞን ጡረታ ለወጡትና ገና በትምህርት ላይ ላሉት የጤና ባለሙያዎች ተዘጋጁ የሚል ጥሪ ቀርቧል። እኔን የሚያሳስበኝ ከገቡ በኋላ ያለው ነው፤ ምን ይሠራሉ? ማንስ ያያቸዋል?

ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የምወደው የኮፐንሀገኑን ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ፖሊዮ መታት። ብሌግዳም ሆስፒታል መተንፈሻ መሣሪያው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ትንፋሽ ካጠራቸው የመጀመሪያዎቹ 31 ታካሚዎች 27ቱ ሞቱ። የሰመመን ሐኪሙ ብየርን ኢብሰን ተጠርቶ መጣ። የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ተበስቶ ቱቦ ገባላት፤ እሱም በላስቲክ ከረጢት አየር እየጨመቀ አተነፈሳት። ዳነች። ግን ከረጢቱን ቀንና ሌሊት የሚጨምቅ እጅ ከየት ይምጣ? የሕክምና ተማሪዎች ተጠሩ። ወደ 1,500 የሚሆኑት በየተራ አልጋ ሥር ተቀምጠው ጨመቁ። ሞቱም በእጅጉ ቀነሰ።

ብዙዎች ይህን እንደ ጀግንነት ታሪክ ያወሩታል። ጀግንነቱ አይካድም፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ድልድሉ ነው። የተሰጣቸው ሥራ አንድ ነው፤ በአጭር ጊዜ ይለመዳል፤ ሲያቅታቸው የሚጠሩት ሰው ቅርብ ነው፤ ተረኛ መጥቶ ይቀይራቸዋል። ጉሮሮ ይበሳ አይበሳ የሚለውን ማንም ተማሪ እንዲወስን አልተጠየቀም።

አሁን ወደ እኛ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች እንምጣ። ድንገተኛ ክፍል ታካሚውን ቀድሞ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ኢንተርኑ፣ ማለትም የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪው ነው። ታሪክ ይወስዳል፣ ደም ይቀዳል፣ ናሙናውን ይዞ ላቦራቶሪ ይሮጣል፤ አንዳንዴም ስትሬቸሩን ራሱ ይገፋል። ስፔሻሊቲ የሚማረው ሬዚደንት ከዚያ ይመጣል፣ ሲኒየሩ ደግሞ ጠዋት ራውንድ ላይ። በአዘቦት ቀን ይህ ማስተማሪያ ነው (መድከሙ እንዳለ ሆኖ)። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ እንደታየው ማርበርግ ዓይነት በሽታ በገባበት ቀን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ልምዱ ያነሰው ሰው ለታካሚው ደምና ትውከት ከሁሉ የቀረበ ይሆናል። መከላከያ ልብስ ማልበስ ብቻውን አይበቃም፤ አደጋው ያለው በአብዛኛው ሲያወልቁት ነው፤ አወላለቁን ደግሞ አንድ ሰው እያየ ደጋግሞ ካላለማመዳችሁ ማንም አይችለውም።

ስለዚህ እኔ ድልድል ባወጣ ትኩሳት ያለበትን ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሠለጠነ ሬዚደንት ወይም ሲኒየር ይሆናል። ኢንተርኑን ማዋለጃ ክፍል፣ የስኳርና የደም ግፊት ክትትል፣ የሕፃናት ተመላላሽ ላይ አቆመዋለሁ። ወረርሽኝ ነው ተብሎ ምጧ የሚቀር እናት የለችም፤ ኢንተርኑም ይህን ሥራ አምና ሲሠራው ስለነበር አዲስ የሚማረው ነገር የለም፤ ልምድ ያላቸውንም ለለይቶ ማከሚያው ነፃ ያወጣል። ገና ዋርድ ያልለመደ ተማሪ ደግሞ ንክኪ ያላቸውን ሰዎች በስልክ ይከታተል፣ ለቤተሰብ ወሬ ያድርስ፣ የነፃ ጥሪ መስመሩን ያንሣ። ይህን እንደ ዝቅተኛ ሥራ የሚያዩ አሉ። ቀኑን ሙሉ ስልክ ይዞ የፈራ ሰው አረጋግቶ የማያውቅ ብቻ ነው እንደዚያ የሚለው።

በአሜሪካ የሬዚደንሲ ሥልጠናን የሚቆጣጠረው አካል በኮሮና ጊዜ ብዙ ደንብ አላልቷል። ሦስቱን ግን አልነካም፦ የመከላከያ ቁሳቁስና ሥልጠናው፣ ተቆጣጣሪ ሐኪም፣ በሳምንት በአማካይ የ80 ሰዓት ጣሪያ። የኛን የሰው ኃይል እጥረት አውቃለሁ፤ ሰማንያው ላይ ልንከራከር እንችላለን። ተቆጣጣሪው ላይ ግን አልደራደርም። የዲውቲ ፕሮግራም ሲለጠፍ ከኢንተርኑ ስም ጎን የሲኒየሩ ስምና ስልክ ይጻፍ፤ ሌሊት ሲደወል የሚነሣ ስልክ።