ኮረፌና መሪሳ በገላባት ወሰን

የሱዳኗ ገላባትና የኢትዮጵያዋ መተማ ዮሐንስ በአንድ ፈፋ ግራና ቀኝ ተቀምጠው እርስ በርሳቸው ቢተያዩም፣ በመጠጥ ረገድ ግን፣ ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ በ1983 እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር የሸሪዓን ሕግ በሱዳን ካወጁበት ጊዜ አንሥቶ፣ ሥርዓታቸው ለየቅል ሆኗል። ከፈፋው ማዶ አስካሪ መጠጥ ጠምቆ መሸጥ የሚያስቀጣ ወንጀል ሲሆን፣ ከፈፋው ወዲህ ግን በደጇ በተከለችው ዘንግ ጫፍ ጣሳ የደፋች ሴት፣ ሳትጣራ፣ ደንበኞቿ ራሳቸው እየገቡ በመደቡ ላይ ይቀመጣሉ። ደግ ዘመን በሆነ ጊዜ ከእነዚህ መካከል ለአንድ ምሽት ብለው ወሰን የተሻገሩ ሱዳናውያን አይታጡም፤ ነገሩ በአገሬው ዘንድ የታወቀ ነውና ማንም አይደነቅበትም። ከፈፋው ማዶም ቢሆን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር የካርቱም የሽግግር መንግሥት ሙስሊም ላልሆኑት በግላቸው እንዲጠጡ ፈቅዶ ነበር።

የመተማን ስም የሚሰማ አንባቢ አስቀድሞ የሚያስበው ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበትን የመጋቢት 1881 ዓ.ም. ጦርነት እንጂ የጠላ ጋን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ከተማይቱ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ የነጋዴ ከተማ ናት፤ ነጋዴ ባለበት ደግሞ ማደሪያና መጠጥ አይታጣም።

ከመተማ ወደ ጎንደር በሚያወጣው መንገድ፣ በጭልጋ አካባቢ፣ በተለይም በቅማንት ሕዝብ ዘንድ የሚጠመቀው ኮረፌ ከተለመደው ጠላ የሚለይበት አንድ ጥበብ አለው። ገብሱ ተፈትጎ ሌሊቱን በውኃ ያድራል፤ ከዚያም ተቆልቶ ይፈጫል፤ ዱቄቱም ከውኃና ከደረቀ የጌሾ ቅጠል ጋር ተዋሕዶ፣ በጋን ውስጥ ሁለትና ሦስት ወር ያህል ድፍድፍ ሆኖ ይቆያል። ባለቤቲቱ መጠጥ ባስፈለጋት ጊዜ ከድፍድፉ የሚበቃትን ያህል ጨልፋ በውኃ ትበጠብጠዋለች፤ እርሱም አንድ ቀን ብቻ ፈልቶ በማግሥቱ ለጠጪ ይቀርባል። ይህ ብልሃት በደጋ ምቾት ብቻ ነው ቢባል እንኳ፣ የበጋው ሙቀት 40 ዲግሪ በሚደርስበት በቆላው ግን፣ የተጠለለ ጠላ ፈጥኖ ስለሚሆመጥጥ፣ ድፍድፉን አቆይቶ መጠጡን በየዕለቱ ማዘጋጀት ከሁሉ የሚሻል መስሎ ይታየኛል።

የሱዳኖቹ መጠጥ መሪሳ ደግሞ የገዳሪፍ ሜዳ ልጅ ነው፤ ያ ሜዳ የሱዳን የማሽላ ጎተራ ነውና። የማሽላው ሊጥ ከኮመጠጠ በኋላ፣ ውኃ ሳይጨመርበት፣ እስኪጠቁር ድረስ በእሳት ይታመሳል፤ ይህንንም ሱሪጅ ይሉታል፤ ከዚያ ከማሽላ ብቅልና ከቀድሞው መሪሳ ከተረፈው እርሾ ጋር ይደባለቃል። የእኛይቱ ጠማቂም እንኩሮዋን በምጣድ ስታምስ የጠላዋን ጠይም መልክና የቆሎ ጣዕም የምታገኘው በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ ሁለቱ ወገኖች ጥበቡን ከአንድ መምህር የተማሩ ይመስላሉ። መሪሳ ሕግ የማይደርስበት ዘመድም አለው፤ ከማሽላ ብቅልና ከቅመማ ቅመም በስሱ ተጋግሮ፣ በረመዳን ለማፍጠሪያ በውኃ የሚዘፈዘፈው ሑሉ ሙር ስካር የሌለበት ነውና በየሙስሊሙ ቤት በክብር ይቀርባል።

እነዚህ መጠጦች ሩቅ መንገድ አይችሉም። በጎንደር የሚጠመቀው ዳሽን ቢራ በጠርሙስ ታሽጎ በጭነት መኪና እስከ ወሰኑ ይደርሳል፤ ጋን ግን አይጫንም፤ ስለዚህ ጠጪው ወደ ጋኑ ይሄዳል፤ ጠላ ቤትም የሰፈር ቤት ሆኖ የኖረው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው። ዮሴፍ ግሮል የተባለው የባቫርያ ጠማቂ በ1842 እ.ኤ.አ. በፕልዘን ከተማ ወርቃማውን ቢራ ከጠመቀ ወዲህ ያ ቢራ ዓለምን ቢያዳርስም፣ የቼክ አገር ሰው ግን ዛሬም በሰፈሩ መጠጥ ቤት ከበርሜል የሚቀዳውን ያከብራል፤ አሳላፊው የጠጣውን ብርጭቆ በወረቀት ቁራጭ ላይ በጭረት እየመዘገበለት፣ እርሱ ስለ ቀጂው እጅ ጥሩነት ከጎረቤቱ ጋር ይከራከራል። በእኛም ዘንድ ጠላ የሚጠራው በጠማቂይቱ ስም ነው፤ እከሊት የጠመቀችው ጠላ እንጂ የእከሌ ፋብሪካ ጠላ የሚል የለም።

በጥቅምትና በኅዳር፣ የሰሊጡ አጨዳ በደረሰ ጊዜ፣ ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞች ቆላውን ይሞሉታል። ለእነርሱ ጉሽ ጠላ መጠጥ ብቻ ሳይሆን ግማሽ ምሳም ነው፤ በአገራቸው በቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ከጽዋው የተቀበሉትን ዐይነት መጠጥ በባዕድ ሜዳ ሲያገኙትም ሰው መካከል የገቡ ያህል ይሰማቸዋል።

የመተማ ጠላ ቤት ጭንቀት ግን ጌሾ ነው። ጌሾ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነውና ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር በማይሞላው መተማ አይሆንለትም፤ ከላይ ተጭኖ መውረድ አለበት። መሪሳ ያለ ጌሾ ይጠመቃል፤ ኮረፌ ግን ያለ እርሱ ኮረፌ አይባልም። የጎንደር መንገድ በጸጥታ ምክንያት በተዘጋ ቁጥር የጌሾው ዋጋ ይወጣል፤ የጠላው ዋጋ ግን የቀን ሠራተኛው ከሚችለው በላይ ሊወጣ ስለማይችል፣ ልዩነቱን የምትሸከመው ጠማቂይቱ ራሷ ናት።