የሚጥል በሽታ መድኃኒትና የሕፃናት ዕድሜ



በአረርቲ ከተማ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለራሱ የሚጥል በሽታ የሚወስደው ፌኖባርቢታል የተባለ ክኒን አለው እንበል። የሁለት ዓመት ልጁም አንድ ሌሊት ትኩሳት ይይዘውና ይንዘፈዘፋል። አባት «እኔን የረዳኝ መድኃኒት ለልጄም ይበጀዋል» በማለት ክኒኑን ለሁለት ሰብሮ ቢያጎርሰው፣ ነገሩ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ትልቅ ስሕተት ነው። ሕፃን የአዋቂ ሰው ግማሽ አይደለምና።

ፌኖባርቢታል ለዚህ በሽታ የሚረዳ መሆኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 የገለጸው አልፍሬድ ሐውፕትማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ እስከ ዛሬ በአገራችን ብዙ ሕሙማን ይታከሙበታል። በሽታውም ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚያገኝ አይደለም፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከ1000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አስረድተዋል።

መድኃኒቱ የሚሠራው ከመጠን በላይ የተነቃቁትን የአንጎል ሕዋሳት በማብረድ ነው። ለዚህም ጋባ የተባለውን የአንጎል ንጥረ ነገር ያግዛል። ነገር ግን ጋባ በአዋቂ አንጎል ውስጥ አብራጅ ሲሆን፣ ገና ባልጎለመሰ አንጎል ውስጥ ሕዋሳቱን ሊያነቃቃ ይችላል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጉበትም ገና ስላልጠነከረ፣ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም። ጥቂት ጊዜ ሲያልፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የልጁ ሰውነት ከክብደቱ አንጻር ሲታይ መድኃኒቱን ከአዋቂው ይልቅ ፈጥኖ ያስወግዳል። ሐኪም ልጁን መዝኖ መጠኑን የሚወስነው፣ ልጁም ሲያድግ መጠኑን እንደገና የሚያየው ስለዚህ ነው።

ጠባይም እንደ ዕድሜ ይለያያል። ፌኖባርቢታል አዋቂውን ሲያስተኛው፣ አንዳንዱን ሕፃን ዕረፍት ይነሣዋል። በ1990 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ በትኩሳት ምክንያት ለተንዘፈዘፉ ሕፃናት ይህ መድኃኒት ሁለት ዓመት ያህል በየቀኑ ቢታዘዝላቸው፣ የአእምሮ ችሎታ መለኪያቸው ከሌሎቹ በ8 ነጥብ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ቫልፕሮዬት የተባለው ሌላው መድኃኒት ደግሞ ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ጉበት የመጉዳት አደጋው ከፍ ያለ ነው፤ እርጉዝ ሴት ብትወስደውም በማሕፀን ያለውን ፅንስ ይጎዳል።

ታዲያ መድኃኒቱን እንተወው? በፍጹም አይደለም። ያልታከመ ልጅ ከምድጃ ወድቆ ይቃጠላል፤ ከውኃ ገብቶ ይሰጥማል፤ ብዙ ደቂቃ የዘለቀ መንዘፍዘፍም ራሱ አንጎልን ይጎዳል። የተጀመረውን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ደግሞ የማያባራ መንዘፍዘፍን አስከትሎ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ልጁን ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የሚወስድ ወላጅም ክኒኑን አብሮ ይያዝ እንጂ በቤት ትቶት አይሂድ።

ክቡራን አድማጮች፤ እንግዲህ ምክራችን አጭር ነው። የአንዱን ሰው መድኃኒት ለሌላው አትስጡ። በልጁ ጠባይ ወይም በትምህርቱ ላይ ለውጥ ባያችሁ ጊዜ፣ ክኒኑን ከመጣል ይልቅ ለሐኪሙ ንገሩ። እርግዝና የምታስብ ሴትም አስቀድማ ትማከር። መድኃኒት የሚጠቅመው በመጠኑና በዕድሜው ሲሰጥ ነው።