የወር አበባ ጉዳይ በየት በኩል አደባባይ ወጣ?

በ1992 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲካሄድ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 75 በመቶው ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም ነበር። ካገቡት መካከል ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት 6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ግማሾቹ ደግሞ በ16 ዓመታቸው ትዳር ይዘዋል። ያው ጥናት በ2008 ዓ.ም. ለአራተኛ ጊዜ ሲካሄድ ያልተማሩት ወደ 48 በመቶ ወርደው፣ የመከላከያ ተጠቃሚዎቹ ወደ 35 በመቶ ወጥተው፣ ግማሾቹ ያገቡበት ዕድሜም ወደ 17.1 ዓመት ከፍ ብሎ ተገኘ።

ሦስቱም ቁጥሮች ስለ ወር አበባ ለማወቅ ታስበው የተሰበሰቡ አይደሉም። ሆኖም ትናንት በሹክሹክታ እንኳ የማይነሳው ጉዳይ ዛሬ በሬዲዮ፣ በክፍል ውስጥና በስልክ እንዴት ሊወራ እንደቻለ ለመረዳት ከእነሱ የተሻለ መነሻ የለም። ዝምታውን ቀድመው የሸረሸሩት ትምህርት፣ የጋብቻ ዕድሜ መግፋትና የወሊድ መከላከያ ናቸው። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀው ዘመቻ የመጣው ከእነሱ በኋላ ነው፤ መጥቶም ውይይቱን አሰፋው፣ በዚያው ልክ ግን ወደ ንፅህና ብቻ አጠበበው።

ቀድሞ የነበረው ዝምታ ፍጹም ነበር ማለት አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም፤ በእስልምና ሶላት አትሰግድም፣ በረመዳን ያለፏትን ቀናት ቆይታ በመጾም ቀዷ ታወጣለች። ስለዚህ ከደጀ ሰላም ውጭ ቆማ የምትሳለመውን ሴት ያየ ሁሉ ምክንያቱን ያውቅ ነበር፤ ማንም ግን አይጠይቃትም። በጎንደርና አካባቢው ይኖሩ በነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ ሥርዓቱ ከሁሉም የጠበቀ ነበር። ሴቲቱ ከመንደሩ ዳር በተሠራች፣ በድንጋይ በተከበበች ጎጆ ሰባት ቀን ትቆያለች፤ ምግቧንም ሌሎች ያቀብሏታል። ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ዘመቻዎች እስራኤል ሲገቡ በመቀበያ ማዕከላቱ አፓርታማዎች ውስጥ ጎጆ አልነበረም፤ አንዳንዶች በተለየ ክፍል ወይም በረንዳ ሊተኩት ሞከሩ። ወጣቶቹ ከሸክም እንደ መገላገል ሲያዩት፣ ከትልልቆቹ መካከል ከሥራ የሚያርፉበትና ሴት ከሴት ጋር የሚጫወትበት ስፍራ እንደ ጠፋባቸው የተሰማቸው ነበሩ። የቀድሞው ሥርዓት ሴቲቱን ይለያት እንጂ ሁሌም ብቻዋን አይተዋትም ነበር፤ ይህን ልዩነት ዘግይተው የመጡት የንፅህና ዘመቻዎች ብዙም አላስተዋሉትም።

በደጋው ገበሬ ዘንድ ዋናው መሸፈኛ ጋብቻ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ በጎጃምና በጎንደር ገጠሮች ደግሞ ልማዱ ከሕጉም ይቀድም ስለነበር ብዙ ልጆች የመጀመሪያውን ደም ያዩት በአማታቸው ቤት ነው። ነገሩን የሚያስረዳቸው ካለ አማት ወይም ጎረቤት ነበረች፤ ከሌለም ጨርቅ ቀዶ መታጠቅና ዝም ማለት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ሲያደርስ ልማዱ ወዲያው አልተከተለውም። ግማሾቹ ሴቶች ያገቡበት ዕድሜ በ1992 ዓ.ም. 16.0፣ በ1997 ዓ.ም. 16.1፣ በ2003 ዓ.ም. 16.5፣ በ2008 ዓ.ም. 17.1 ነበር፤ በአሥራ ስድስት ዓመት የተገፋው አንድ ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ብቻ ነው። ይሁንና ይህች አነስተኛ ፈቀቅታ አዲስ የዕድሜ ክልል ፈጠረች፤ የወር አበባ ጀምራ ገና ያላገባች ልጅ በዛች። የዚህች ልጅ ውሎ ከባል ቤት ይልቅ ክፍል ውስጥ ሆነ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ የታየው በዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። ትምህርት ያላገኙ ሴቶች ድርሻ በ1992 ዓ.ም. ከነበረው 75 በመቶ በ1997 ዓ.ም. ወደ 66፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 51 በመቶ ወረደ። በቤት ውስጥ ተሸፍኖ የኖረው ጉዳይ ስልሳና ሰባ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ሊሸፈን አልቻለም። ወንበሯ ላይ ደም የታየባት ልጅ ወንዶቹ ሲስቁባት ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ቤት ትሄዳለች፤ አንዳንዷ ለቀናት አትመለስም፤ አንዳንዷም ጭራሽ ትቀራለች። መጸዳጃ ቤቱ በር የለውም፣ ቢኖረውም ውኃ የለውም፣ የሳይንስ መምህሩ ሥነ ተዋልዶ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ "እቤታችሁ አንብቡት" ብሎ ያልፋል። በየትምህርት ቤቱ የተቋቋሙት የሴቶች ክበባት ይህን ችግር ለአስተዳደሩ ማቅረብ ሲጀምሩ የወር አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ የግል ኀፍረት መሆኑ ቀርቶ የትምህርት ጉዳይ ሆነ። ከ2003 እስከ 2008 ዓ.ም. ግን መሻሻሉ ተንቀራፈፈ፤ ቀድሞ በስድስት ዓመት 15 ነጥብ የወረደው አኃዝ በአምስት ዓመት የቀነሰው 3 ነጥብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መታጠፊያ ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ብዙ ሴቶችን ነካ፤ እሱም የወሊድ መከላከያ መርፌው ነው። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ሲመሠረት ሥራው በአመዛኙ በከተሞች የተወሰነ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የሕዝብ ፖሊሲ ወጣ፤ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ቁጥራቸው በኋላ ከ30 ሺህ ያለፈ ሴት ባለሙያዎችን አሠልጥኖ በየቀበሌው አሰማራ። ውጤቱ በአኃዙ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ካገቡት ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት በ1997 ዓ.ም. 14 በመቶ ነበሩ፤ በ2003 ዓ.ም. 27፣ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት 41 በመቶ ደረሱ። የዚህ ዕድገት ትልቁ ድርሻ በሦስት ወር አንዴ የሚሰጠው መርፌ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. 3 በመቶ ብቻ ይጠቀሙት የነበረው በ2003 ዓ.ም. 21፣ በ2011 ዓ.ም. 27 በመቶ ተጠቅመውበታል።

መርፌው እርግዝናን ከመከላከሉ ሌላ የወር አበባን ያዛባል። በውስጡ ያለው ሆርሞን የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ስለሚያሳሳው በየወሩ የሚፈስ ነገር እያነሰ ይሄዳል፤ ዓመት ያህል ከወሰዱት ወደ ግማሽ የሚጠጉት ጭራሽ ደም አያዩም። ስለዚህ የቀጠሮ ካርዷን ይዛ ጤና ኬላ የተቀመጠች ሴት፣ ለእናቷ እንኳ ያላነሳችውን ጥያቄ ለማንሳት ተገደደች፦ "ደሙ የት ሄደ?" በቡና ላይ የሚሰጠው መልስ ውስጥ ተከማችቶ ዕጢ ይሆናል፣ ወይም ራስ ላይ ይወጣል የሚል ነበር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደግሞ የሚከማች ደም እንደሌለ ታስረዳለች። በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በጤና ኬላ ደረጃ መሰጠት ሲጀምር ሌላ ጥያቄ ተከተለ። ይሄኛው በአንዳንዶች ላይ ጠብ ጠብ የሚል፣ ቀኑ የማይታወቅ ደም ያመጣል፤ ቀኑ ካልታወቀ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መሄጃው፣ ጠበል መጠመቂያው፣ ለሌላዋም መስገጃው አይታወቅም። በ2008ቱ ጥናት መሠረት መከላከያ ከጀመሩት 35 በመቶው ዓመት ሳይሞላቸው አቁመዋል፤ የጎንዮሽ ጉዳት ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። ለገጠሯ ሴት "ሆርሞን" የሚባለው ነገር ወሬው የተጀመረው ከመጽሐፍም ከመድረክም ሳይሆን ከዚህ ሥጋትና ከዚህ ቀጠሮ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ የምርትና የዘመቻ ነው። በአሜሪካ የኬሚካል ምህንድስና የተማሩት ፍሬወይኒ መብራህቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በመቐለ ታጥቦ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል የንፅህና መጠበቂያ የሚያመርት ፋብሪካ ከፈቱ። የዓለም የወር አበባ ንፅህና ቀን መከበር የጀመረው ደግሞ ግንቦት 20 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ቀኑ እዚህ አገር ደርግ የወደቀበት፣ ለዓመታት ሥራና ትምህርት ተዘግቶ የሚከበር በዓል ስለነበር መልእክቱ ከወታደራዊ ሰልፍና ከመንግሥት ንግግር ጋር መሻማት ነበረበት። ብዙም ሳይቆይ ጤና ሚኒስቴር የወር አበባ ንፅህና አያያዝን የሚመለከት መመሪያ አወጣ። ፍሬወይኒ በኅዳር 2012 ዓ.ም. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ሲመረጡ ነገሩ ወንዶችም ባሉበት በየቤቱ ሳሎን በቴሌቪዥን ተወራ። ከዚያ በፊት ባለሱቁ ሞዴሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በጥቁር ፌስታል ከትቶ፣ ሌላ ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቆ ነበር የሚሰጠው፤ ዛሬ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ከሳሙናው ጎን ተደርድሮ ይታያል። ጥቁሩ ፌስታል ግን በብዙ ሰፈር አሁንም አልቀረም።

አፍ ቢፈታም ዋጋው በተቃራኒው ነው የሄደው። ከውጭ ያለቀለት ሞዴስ ሲገባ ይከፈል የነበረው 30 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 10 በመቶ ወርዷል፤ ለአገር ውስጥ አምራቾች የሚመጣው ጥሬ ዕቃም ከቀረጥ ነጻ ሆኗል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 በሞዴስ ላይ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ካነሳች ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የመጣ ቢሆንም ትልቅ እርምጃ ነበር። ቀረጡ የቀነሰውን ግን ምንዛሪው በላው። ከቅናሹ በፊትም በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ ተዳክሞ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ያለቀለት ዕቃም ሆነ ጥሬ ዕቃው በዶላር ስለሚገዛ የቀረጥ ቅናሹ ጥቅም ከተጠቃሚዋ እጅ ሳይደርስ ቀለጠ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነትና ተከትለው የመጡት ግጭቶች ደግሞ ትምህርት ቤቶችን መጠለያ አደረጉ። በተፈናቃዮች መካከል ሞዴስ ከዱቄትና ከዘይት ቀጥሎ በወረፋ የሚጠበቅ ዕርዳታ ሆነ፤ ወረፋው ሳይደርስ ሲቀርም ወደ ጨርቁ መመለስ ነበር።

በዚሁ ጊዜ በከተማ ሌላ ወሬ ተነሣ። ከቲክቶክና ከቴሌግራም ጋር ያደገችው ወጣት "ሆርሞኔ ተዛብቷል" ትላለች፤ የፀጉር መብዛትን፣ የብጉርን፣ የወር አበባ መቆራረጥን አያይዛ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ይሆን ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄው መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ ችግር በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶውን ያጠቃል፤ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ እንዳለባቸው አያውቁም። የማህፀን ሽፋን መሰል ህዋስ ከማህፀን ውጭ አድጎ ከባድ ህመም የሚያስከትልበት ኢንዶሜትሪዮሲስም ከአሥር ሴቶች አንዷን ያገኛል። ነገር ግን በስልኩ ላይ ምርመራ ከሚመክረው ይልቅ ሆርሞን ያስተካክላል የሚል ቅጠል የሚሸጠው ይበዛል። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛውን የድንገተኛ መከላከያ እንክብል በወር ደጋግማ ወስዳ፣ ዑደቷ ሲዛባ ምክንያቱን ሌላ ቦታ የምትፈልግም አለች።

ከዚህ ሁሉ ወደ ኋላ የቀረው የህመሙ ጉዳይ ነው። ቁርጠቱ ከአልጋ የሚያስቀራት ልጅ ዛሬም የሚሰጣት መልስ "ስትወልጂ ይለቅሻል" ነው፤ ይህን የሚሏት እናቷና አክስቷ ብቻ አይደሉም። ለቀናት የሚዘንብ ደምም እንዲሁ "የቤተሰባችን ነው" ተብሎ ይታለፋል። የደም ማነስ አኃዙ ግን ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ ይጠቁማል፤ በ1997 ዓ.ም. ከሴቶቹ 27 በመቶ ላይ የነበረው በ2003 ዓ.ም. ወደ 17 ከወረደ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ 24 በመቶ ሆኗል። ለዚህ ምግቡም፣ ወባውም፣ ወሊዱም ድርሻ አላቸው፤ ከመጠን ያለፈ የወር ደምም እንዲሁ ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ሳለ በዚያው ጥናት መጠይቅ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

እነዚህን ዓመታት አንድ ላይ ሲያዩዋቸው እያንዳንዱ ለውጥ የራሱን ጥያቄ ይዞ መጣ፣ ለሱም መልስ አገኘ። ትምህርት ቤቱ የመጸዳጃና የውኃ ጥያቄ አመጣ፤ መርፌው ደም ለምን ይቆማል የሚለውን አስነሣ፤ ፋብሪካውና ዘመቻው ሞዴስን ከጥቁር ፌስታል ወደ ቀረጥ ክርክር አሸጋገሩት። ሦስቱም ግን የወር አበባን በዋናነት እንደ ፈሳሽ ነገር ነው ያዩት፤ የሚታጠብ፣ የሚሸፈን፣ የሚቆም። የሰውነት ጤና መለኪያ አድርጎ የሚመለከተው ገና በከተማዋ ወጣት ስልክ ላይ ነው ያለው፤ እዚያም ከእውነቱ ጋር ማታለሉ ተቀላቅሏል። ይህን ወደ ገጠሩ ለማድረስ አዲስ መዋቅር አያስፈልግም። መርፌውን በየቤቱ ያደረሰችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አሁንም በቀበሌዋ ናት፣ ሴቶቹም በሦስት ወር አንዴ እሷ ዘንድ ይመጣሉ። በዚያ ቀጠሮ ላይ ስንት ቀን እንደሚፈስ፣ ምን ያህል እንደሚያም፣ ከሥራና ከትምህርት ያስቀር እንደሆነ ጠይቃ ብትመዘግብ፣ ሕክምና የሚያስፈልጋትን ወደ ጤና ጣቢያ ብትልክ፣ የሚቀጥለው ብሔራዊ ጥናትም እነዚህኑ ጥያቄዎች ቢጨምር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ይህን ዳሰሳ የሚጽፈው ሰው ስለ ወር አበባ ለማወቅ ከጋብቻና ከትምህርት አኃዝ አይነሣም ነበር።