የቃል ኪራይ ዋጋ በጅቡቲ

አንዲት ኢትዮጵያዊት በጅቡቲ ከተማ፣ ባልባላ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች እንበል። ኪራዩን በየወሩ እጅ በእጅ ትከፍላለች፤ ውልም ደረሰኝም የላትም። አንድ ቀን አከራይዋ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ፤ በሳምንት ውስጥ ልቀቂ» ይላታል።

የምታጣው ጣሪያ ብቻ አይደለም። ምጣዷ የተተከለው እዚያ ነው፤ በዱቤ የሚወስዱ ደንበኞቿም የሚያውቁት ያንን በር ነው። ኪራዩን ለስሌት ያህል 20 ሺሕ ፍራንክ ብንለው፣ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ስለሆነ 112 ዶላር ገደማ ይሆናል። አዲሱ አከራይ የአንድ ወር ኪራይና የአንድ ወር መያዣ ከጠየቃት፣ ገበያዋ በቆመበት ሳምንት 225 ዶላር ከየትም ማምጣት አለባት። የቃል ኪራይ ርካሽ የሚመስለው ይህ ዕዳ እስኪመጣ ድረስ ስለማይታይ ነው።

ውል አልተጻፈም ማለት ግን ውል የለም ማለት አይደለም። የጅቡቲ ሕግ ከፈረንሳይ ይመዘዛል፤ የ1804ቱ የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1714 ቤት በቃልም እንደሚከራይ ይደነግጋል። በአንቀጽ 1736 ደግሞ ያለ ጽሑፍ የተከራየን ሰው ለማስለቀቅ በአካባቢው ልማድ የሚሰጠውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ መጠበቅ ግድ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ አንቀጽ 1716 ነው፦ በኪራዩ ልክ ክርክር ተነስቶ ደረሰኝ ከሌለ፣ ተከራዩ በባለሙያ ይገመትልኝ ካላለ በቀር ባለቤቱ ምሎ ይታመናል። አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይህን ያህል ትመዝናለች።

አገር ቤት አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። አዋጁ ግን ከጋላፊ ድንበር ወዲያ አይሻገርም። ጅቡቲ ደግሞ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች እስከ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 እንዲወጡ ቀነ ገደብ አስቀምጣ ነበር። ፈቃድ የሌላት ተከራይ በአከራይዋ ላይ ክስ ልትመሠርት ብትነሳ መጀመሪያ የምታጋልጠው ራሷን ነው። አከራዩም ይህን ያውቃል፤ የሳምንት ጊዜ የሰጣትም ለዚህ ነው።

በዚያ ላሉ ማኅበሮቻችን የምለው ቀላል ነው፦ ቀን፣ መጠንና ፊርማ የሚሞላበት፣ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጀ የኪራይ ደረሰኝ አትማችሁ አድሉ። አከራዩ ካልፈረመም ኪራዩ በስልክ ገንዘብ ይከፈል፤ ዝውውሩ ቀኑንና መጠኑን ይዞ ይቀራል።