አንድ ማስታወቂያ፣ ሁለት ሰዓት፦ የሕዝብ ግንኙነት ልምምድ በጀበል አል-ሁሴን

የሕዝብ ግንኙነት ተማሪ ለተግባር ልምምድ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ፣ ከመግለጫ አጻጻፍ አስቀድሞ የሚፈትነው ጥያቄ መልእክቱ ለማን እንደሚደርስ ማወቅ ነው። በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን የሚገኘው ጀበል አል-ሁሴን ይህን ፈተና በአንድ ኮረብታ ላይ ሰብስቦ ይዟል። በኻሊድ ኢብን አል-ወሊድ ጎዳና ግራና ቀኝ መደብሮች ተደርድረዋል። በዚያው ኮረብታ ደግሞ በ1952 እ.ኤ.አ. 8,000 ያህል የፍልስጥኤም ስደተኞችን ለማስፈር የተቋቋመው መጠለያ፣ ዛሬ ድንኳኑ በግንብ ተተክቶ፣ የከተማው አካል ሆኗል። ለገበያተኛው የተጻፈ ቃል ለመጠለያው ነዋሪ ላይስማማ ይችላል።

የመጀመሪያው ዕንቅፋት ቋንቋ ነው። ለጋዜጣ የሚላክ መግለጫ በመደበኛው ዓረብኛ ይጻፋል፤ ሕዝቡ ግን በየዕለቱ የሚነጋገረው በአካባቢው ዘዬ ነው። ዓረብኛን ከመጽሐፍ የተማረ ተለማማጅ ሰነዱን አንብቦ ሲረዳ፣ የቢሮ ባልደረቦቹን ጨዋታ ለመከተል ግን ጊዜ ይወስድበታል። የሥራ ሳምንቱም እሑድ ይጀምራል፤ ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ተለማማጅ ሌላው የሌለው ሀብት አለው። በአማን በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። የዮርዳኖስ የሠራተኛ ሕግ በ2008 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ የቤት ሠራተኞችን አካቷል፤ በተከታዩ ዓመትም ስለ እነርሱ የሚደነግግ ዝርዝር ደንብ ወጥቷል። ደንቡ ከሚያረጋግጣቸው መብቶች አንዱ የሳምንት የዕረፍት ቀን ነው። ይሁን እንጂ በዓረብኛ ብቻ የተለጠፈ ማስታወቂያ አሠሪውን እንጂ ሠራተኛዋን አያገኛትም።

መተርጎሙ ብቻውንም አይበቃም። ዮርዳኖስ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ በክረምትና በበጋ ሰዓቷን መቀያየር ስላቆመች፣ የአማንና የአዲስ አበባ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። አቆጣጠሩ ግን ይለያያል። ከዓረብኛው «ጠዋት 9 ሰዓት» ተብሎ እንዳለ የተገለበጠ ቀጠሮ ለኢትዮጵያዊት አንባቢ ግራ የሚያጋባ ነው፤ «ጠዋት» የሚለው ቃል ከተዘነጋ ደግሞ ቢሮው ሊዘጋ ሲል፣ ከቀትር በኋላ ትመጣለች። ትክክለኛው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ነው። የቀኑ ነገር ይብሳል፤ 5/1 ተብሎ የተጻፈው የፈረንጆች ጥር 5 ሲሆን በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 27 ላይ ይውላል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለሚያነብ ግን መስከረም 5 ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ለማደስ የተቆረጠ ቀን በዚህ ምክንያት ቢያልፍ መዘዙ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የወሩ ስም በፊደል ተጽፎ የሁለቱም አገር ቀን ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይገባል።

ተለማማጁ ለራሱም ሊያጣራው የሚገባ ጉዳይ አለ። በዮርዳኖስ ሕግ የውጭ ዜጋ ሥራ የሚይዘው ከሥራ ሚኒስቴር ፈቃድ ሲያገኝ ነው። «ልምምድ» የሚለው ስያሜ ብቻውን ከዚህ ግዴታ ነጻ ያወጣል ብሎ መገመት አያዋጣም። ከመነሣቱ በፊት ከዩኒቨርሲቲውና ከተቀባዩ ድርጅት የልምምዱን ዓላማና ጊዜ የሚገልጽ ደብዳቤ መያዝ፣ የሚያስፈልገውንም የፈቃድ ዓይነት በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

የተዘጋጀው ማስታወቂያ ከመሠራጨቱ በፊት የሚደረግ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ጽሑፉን ለአንዲት ሠራተኛ አንብቦ፣ መቼና የት እንደምትሄድ፣ ምን ይዛ እንደምትቀርብ መጠየቅ ነው። መልሷ ከታሰበው ከተለየ የሚስተካከለው ጽሑፉ ነው።